ወልከፍ

በደብረ ሲና ሠርግ፣ ዳሱ ሞልቶ ሳለ፣
«ወልከፍን ምታልን!» ሲል ሚዜው ዘለለ፤
መሰንቆ መቺው ልጅ፣ ደጋን ሙጫ አስልሶ፣
ሦስት ሦስት ረገጣት፣ ትከሻ ቀስቅሶ።

አለቃ ድንበሩ፣ ከጎኔ ያሉ ሰው፣
«ጥንታዊ ነው» አሉ፣ «ዘመን የማይደርሰው፤
ያንኮበር አዝማሪ፣ ከግቢ ያወጣው፣
ሦስት መቶ ዓመት ሙሉ፣ ልጅ ካባት ያመጣው።»

«ውሸት!» አለች አንዲት፣ የሞላሌ ባልቴት፣
«ባና ስንረግጥ ነው፣ የሴቶች እግር ስልት።»
ሌላው ጣልቃ ገባ፣ ጠላውን ጨልጦ፣
«በቅሎ ናት የሰጠችን፣ አንድ ናሏ አምልጦ።»

እኔ ዝም አልኩ።
ጉርሻ አፌ ውስጥ ነበር።
ደግሞስ ማን ያምነኛል?
የወልከፍን አባት አውቀዋለሁ እኮ፤
ዜማው በዕድሜ ከእኔ ያንሳል።

ስልሳ ስምንት ላይ ነው፣ በወርኀ ነሐሴ፣
የኤንትሬ ረዳት ነኝ፣ ግራሶ ነው ልብሴ።
ካሰብ ጨው ጭነናል፣ መቶ ሰባ ኩንታል፣
ወርዶፋ መሪው ላይ፣ እንደ ሞተር ያቃስታል።

ደብረ ሲና መውጫ፣ ከመንገድ ዳር ቆሞ፣
መሰንቆ የታቀፈ፣ ጉሙን ተሸልሞ፣
ልሳነወርቅ ነበር፣ የግሼ መሰንቆኛ፤
«ሳንቲም የለኝ» አለን፣ «ልሳፈር ሦስተኛ።»
ጋቢናው ጠበበ፣ መሐል ገባሁ እኔ፣
የመሰንቆው አንገት፣ ሲወጋኝ ከጎኔ።

ታርማበር ስንደርስ፣ ሰማይ ተቀደደ፣
ጉም እንደ ባዘቶ፣ መንገድ ጠቅልሎ ወሰደ።
የቀኝ ዝናብ መጥረጊያ፣ ባቲ ላይ ቀርቷል፣
የግራውን ጎማ፣ ፀሐይ በልቶታል፤
ሁለቴ ይፈጥናል፣
ሦስተኛው ላይ ይነክሳል፦

ቷ፣ ቷ፣ ገርገጭ።
ቷ፣ ቷ፣ ገርገጭ።

ወርዶፋ መጥረጊያውን ተሳደበ፣ የሠራውን ጣልያን ተሳደበ፣
የጣልያኑንም እናት።
ልሳነወርቅ ግን አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል፣
ቅኔ ማኅሌት የቆመ ይመስል።

ሞተሩ ግሎብን፣ ከዋሻው አፍ ቆምን፤
«መጥረጊያውን» አለ እንግዳው፣ «አደራ፣ አታጥፋብን።»
በሞተር ክዳን ላይ፣ መሰንቆውን አሞቀው፣
ጉም ያላላውን ቆዳ፣ ግለቱ አጠበቀው።

መጀመሪያ ከኋላ ተከተለው፣
እንደ ጥላ።
ቀጥሎ እኩል ሄደ።
ቀጥሎ ቀደመው፤
ገርገጭ የሚልበትን ቦታ
ትከሻ አደረገው።
ወርዶፋ ስድቡን መሐል ላይ ረሳው፤
መሪውን እንደያዘ፣ ከአንገቱ በታች
ሌላ ሰው ሆነ።

«ስሟ ማነው?» ብለው፣ መጥረጊያውን አይቶ፣
«ወልከፍ» ብሎ ሳቀ፣ መቃኛውን አላልቶ።

ደብረ ብርሃን፣ ብርድ ልብስ ፋብሪካው በር ላይ ወረደ።
ሂሳብ ማንም አልጠየቀው።
ከዚያ በኋላ አላየሁትም፤
ዜማውን ግን ለመስቀል መዘዞ ሰማሁት፣
ለጥምቀት ሣሲት፣
በሁለተኛው ዓመት ከማላውቀው ሰው ጋር፣
ስለ ጠላ ቤት ቆንጆ የሚያወራ ግጥም ለብሶ።

«እርስዎስ ምን ይላሉ?» አሉኝ አለቃ።
ጉርሻውን ዋጥኩ።
«ያንኮበር ሳይሆን አይቀርም» አልኩ።
ልጁን እያየሁ ነበር፤
ኤንትሬ በዓይኑ አይቶ የማያውቅ ልጅ፣
ሦስተኛዋ ላይ ሲደርስ
ደጋኑን ትንሽ ያዝ ያደርጋል።

እዚያ ጋ ነው
ጎማው የጎደለው።