ሃያ ሰባት ተኩል

ዐርብ ከሰዓት፣ ሐወሊ፣ የኮምፒውተር ሱቆች ተርታ፣
ውጭው ጫማ ያቀልጣል፣ በሩ ሲከፈት ብርድ ይማታል ባንድ አፍታ።
በመሐረብ ጥግ ቋጥሬ የሰባት ሴት ላብ፣
አርባ ዲናር፣ ሰባት ዓይነት ሐሳብ።

ሻጂ ይባላል ሻጩ፣ የኬረላ ሰው ነው፣
ዐረብኛው እንደኔው የተሰበረ፣ በእጁ ነው የሚጨርሰው።
«ለማዳም ልጅ ነው?» አለኝ፣ ለጌም መስሎት።
«ስንት ዋት ትበላለች?» አልኩት።
ሻዩን አስቀመጠ። መነጽሩን ጠረገ።
እንደ አዲስ አየኝ፣ ወንበር ፈለገ።

ደሴ ሁለት ዓመት ሃርድዌር ተምሬ፣
ፈትቼ ገጥሜ፣ በምዘናው ከብሬ፣
እዚህ ግን ኮምፒውተር በአቧራ ጨርቅ ብቻ ነው የማውቀው እስከ ዛሬ።

ሦስት ደረደረልኝ።
አንደኛዋ ከነካርቶኗ፣ ከነላስቲኳ፣
ስድሳ አምስት ዲናር፤ አለፍኳት፣ ሳልነካት እንኳ።
ሁለተኛዋ ሠላሳ ስድስት። ጉልበታም ናት፣ ራሟ ዐሥራ ስድስት፣
ሲያበራት ግን ፋኗ ጮኸ እንደ ወፍጮ ቤት።
ሐሙስ ማታ ሰባት ሆነን ባንድ ምንጣፍ የምንተኛ፣
ሳምንቱን ሙሉ ሲጮኽብን የሰነበትን ነን እኛ፤
ወፍጮ አናስገባም።

ሦስተኛዋ ሁለት የገላ ሳሙና ጎን ለጎን ታህላለች፣
ክዳኗ ተፍቋል፣ አንድ እግሯን ጥላለች፣
ፋን የላትም፣ ዝም ትላለች።
ራሟ ስምንት። ቻርጀር ለብቻ ይገዛል።
«ለምን ረከሰች?» «ቢሮ ነበረች፣ ቢሮው ተዘጋ» ይለኛል።
ያልጠረጠረ ተመነጠረ፤ ክፈታት አልኩት፣
ብሎኗን ፈታ፣ ሆዷን አየሁት፤
ለሁለተኛ ዲስክ ቦታ አላት፣ ወደፊት፣ ገንዘብ ስናገኝ።
ቴሌቪዥን ላይ ሰክቶ፣ ምስሏ ሳይንተባተብ፣ ዐሥር ደቂቃ ፊልም አሳየኝ።
ሠላሳ አለ። ሃያ አምስት አልኩ። በሩ ድረስ ሄድኩ። ጠራኝ።
ሃያ ሰባት ተኩል።

ትርፌ ስልኳ ተሰብሮ የልጇ የመጀመሪያ ጥርስ ጠፍቶባታል፣
መዲና የወንድሟን ድምፅ ውሃ በልቶባታል፣
ዘነቡ ድራማ ትወዳለች፤ ግን በዐርብ ኢንተርኔት
አንዱ ክፍል ሳያልቅ ይመሻል።
ይህች ሳምንቱን ሙሉ ብቻዋን ስትስብ ታድራለች፣
እኛ የሰው ፎቅ ስንወለውል እሷ ቤታችን ትውላለች፤
ከስምንታችን፣ ቤቷ የምትኖር እሷ ብቻ ናት።

«ሰርቨር ምንድነው?» አለች ዘነቡ፣ ሽቦ እያቀበለችኝ።
«አገልጋይ ማለት ነው» አልኩ። ምላሴ ቀደመችኝ።

ጸጥ አለ ክፍሉ፤
የማቀዝቀዣው ጠብታ ባልዲ ላይ ሲወድቅ ሰሙ ሁሉ።
ከዚያ ሐያት በሳቅ ፈነዳች፣ ትራስ ነክሳ፣ እንባዋ ሲቀድማት፣
«እኛም ኻዳማ ቀጠርን! ውጭ ሀገር መጥተን ማዳም ሆንን በሏት!»
«ደሞዟስ?» «መብራት ትበላለች፣ ዐሥር ዋት፤ ሌላ የላትም።»
«ዕረፍትስ?» «የላትም።» «ዐርብስ?» «ዐርብም።»
ሳቁ ትንሽ ቀነሰ።
«ፓስፖርቷን ማን ይያዝ?» አለች መዲና፣ ደረሰኙን ብድግ አድርጋ፤
«ራሷ ትያዘው!» ብለን በፕላስተር ለጠፍነው፣ ከሥር፣ ከሆዷ ጋ።

ስክሪኑ ጠየቀን፦ ለዚህ ኮምፒውተር ስም ስጡ።
ስሞች ከየአፉ እየተጋፉ መጡ።
ትርፌ ብቻ ዝም አለች። ማዳሟ «ሪም» ነው የምትላት፣ ይኸው አምስት ዓመቷ፤
እኔም «ኑራ» ነኝ እዚያ፤ ስሜ ያለው ወረቀቴ ላይ፣ ወረቀቴ ካዝና ውስጥ፣
የካዝናው ቁልፍ ከማዳም አንገቷ።
«ተዪው» አለች ትርፌ፣ እጄን ይዛ።
ተውነው። ከፋብሪካ ይዛው የመጣችውን የፊደልና የቁጥር ጠመዝማዛ
እንዳለ። «እሺ» የሚለውን ነካሁ።

ማታ ስንወጣ አረንጓዴ ነጥቧ ጨለማው ውስጥ ቀረች።
ሐያት ከደረጃው ተመለሰች፤
በወደቀው እግሯ ምትክ
የውሃ ጠርሙስ ክዳን አድርጋላት መጣች።