የግራው መስመር

ጣቶቹን በፕላስተር ስጠቀልል ኖርኩኝ፤
የኤመሪክን መዳፍ ከራሴ በላይ አወቅኩኝ።
የቀለበት ጣቱ ሦስቴ ስለተሰበረ፣
ቀለበቱ በአንገቱ፣ በክር ታስሮ ነበረ።

በጆንስታውን ሜዳ፣ ጭቃው ድንጋይ ሲሆን፣
«ግራውን ያዝ» ቢሉት አልጠየቀም ለምን።
ኳሷን አይነካትም፣ ሕጉ አይፈቅድም፤
የሚጠብቀውን ሰው ዞሮ አያይም።
የሚሮጠው ሌላ፣ የሚጨበጨብለት፤
እሱ ስሙ የሚጠራው የተሳሳተ ዕለት።
መስመሩን ጠብቆ አሥራ አንድ ዓመት ቢቆምም፣
በጋዜጣው ገጽ ላይ አንድ መስመር የለውም።

ከዚያ ጉልበቱ ከዳው።
ጉልበት ስል ሁለቱንም፤
አንደኛው በቢላ ታየ፣ ሌላው አይታይም።

ብረት ማቅለጫውም ተዘጋ፤ ትግል ገባ በማታ፣
አሸናፊው ከጨዋታው በፊት የሚታወቅበት ቦታ።
ለሌላው ድል ደረሰው፣ ለኤመሪክ መውደቅ፤
በዘጠነኛው ደቂቃ፣ ለሠላሳ ዶላር፣ ሳይስቅ።
ቀይ ጭንብል አጥልቀው «የሞስኮ ድብ» አሉት፣
የጆንስታውን ልጅ መሆኑን እያወቁት።
የአያቱን ቋንቋ ጨርሶ ረስቶት የነበረ፣
ራሱ በፈጠረው ሩሲያኛ ፎከረ።
አንዲት ባልቴት በዣንጥላዋ ጎኑን ወጋችው፤
ሲወጣ በሩ ላይ ጎንበስ ብሎ አነሳላት፣
ወድቆባት ነበር።

መውደቅ ግን ያውቅበታል፦
አገጩን ወደ ደረት፣ ክንዱን ዘርግቶ፣
ጣይ ተብሎ የመጣው ልጅ እንዳይጎዳ ሰግቶ፣
መቶ ሠላሳ ኪሎውን ለራሱ አስቀርቶ።
ከጣሉት ሁሉ አንድም የተሰበረ የለም፤
ይህም በየትኛውም መዝገብ አልተጻፈም።

በመጋቢት ብርድ አሥራ ሁለት ሰው ለቀብሩ መጣ።
ፕሩዊትም መጣ፣ ያኔ ኳስ ወርዋሪው፣ ዛሬ መኪና ሻጩ፣
ፎቶው በየመጠጥ ቤቱ የተሰቀለው፣ በከዘራ።
ንግግር አድርግ ቢሉት አፉ ተሳሰረ።
ሣጥኑ ፊት ሲደርስ ብቻ፣ ቀስ ብሎ፣
በግራ ትከሻው በኩል ዞሮ አየ።
በጨዋታ ዘመኑ አንድ ቀን ዞሮ አያውቅም።

ገናዡ ተቸግሯል፤ ጣቶቹ አልታጠፍ አሉት፣
እያንዳንዳቸው በየራሳቸው መንገድ።
«ተወው» አልኩት። ፕላስተር ከኪሴ ጠፍቶ አያውቅም።
ሁለቱን ከሁለቱ አሰርኩ፣ እንደዚያ እሑድ እሑድ፣
ሳላጠብቅ፤
ደም እንዲዘዋወር።