ግራ ጎታች

ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ዳንግላ ከተማ፣
ዝናብ በቆርቆሮ ሲያወራ ሲሰማ፣
ከአንዲት ጠባብ ኩሽና፣ ከጥቀርሻው መሃል፣
አራት እግር ያለው የብረት ጉድ ቆሟል።
ስምንት ሰው በወሳንሳ ተሸከመው ይላሉ፤
ኧረ በግመል ነው፣ የሚሉም አሉ፤
እትዬ ጥሩዓለም ግን፦ «ስቀጠር እዚሁ ነበር፤
የብረት ዘር አይጠየቅም፤ ይጠየቅ የሚያበስለው ነገር።»

እኔ የቋሪት ልጅ፣ ማትሪክ ወድቄ፣
ካባቴ ፊት ሸሽቼ፣ ከእርሻውም ርቄ፣
ሰሃን ላጥብ መጣሁ፣ በወር ስምንት መቶ፤
አባቴ ሲሰማ ሳቀ አሉ፣ ተከፍቶ፦
«ወንድ ልጅ ከጓዳ? ሞፈር ቢጠላ፣
ማማሰያ ያዘ፤ ያውም በዳንግላ!»

ሳምንት ሙሉ አመድ ብቻ አስጠረገችኝ።
በሁለተኛው፣ እንጨት አስለየችኝ፦
«ባሕር ዛፍ ወረተኛ ነው፤ ቦግ ይልና ይከዳል፤
ዲከረንስ ይሻልሃል፤ ፍሙ ውሎ ያድራል፤
ወይራ ካገኘህ ደብቀው፣ ለእንግዳ ቀን ነው፤
እርጥብ የሚያመጣ ሰው፣ ጭሱን እሱ ያልቅሰው።»

ክዳኑን በሜንጦ አንስቼ፣ ድስት ከፍም ሳገናኝ፣
ነበልባሉ ብቅ ብሎ ክንዴን ላሰኝ።
«ሰሌዳ አይደለም» አለች፣ «አገር ነው ይሄ ብረት፤
ቆላው ከእሳቱ አፍ ነው፣ ለሽንኩርት፤
ወይና ደጋው ለምስር፤ ደጋው ከጭስ ማውጫው ሥር፣
ለሽሮ፤ ሽሮ ትዕግሥት ይወዳል፣ እንደ ድርድር።»

ፎርኖው ግን ሌላ ነው። መለኪያ የለው፣ ቁጥር የለው።
እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን እስከ ክርኗ ትከታለች፤
በከንፈሯ ብቻ «አቡነ ዘበሰማያት» ትላለች።
«‹ይትቀደስ ስምከ› ላይ ካቃጠለህ፣ ይከስላል፤ በሩን ክፈት፤
ሳይለበልብህ ‹አሜን› ካልህ፣ ገና ነህ፤ ጨምር እንጨት፤
‹ሲሳየነ ዘለለ ዕለትነ› ላይ እጅህ ከሸሸ፣ ያኔ ነው ሰዓቱ፤
ለምነህ ሳትጨርስ፣ መለሰልህ እሳቱ።
ደግሞ ግራውን አትርሳ፤ የእሳቱ ቤት በግራ ነው፤
ትሪውን ከመንገድ መሃል አዙረው።»

ግራ ጎታች በሬ ነበረን እኛም ቤት፣ ቡላ የሚባል፤
ቀኝ ቀኙን ካልነዱት ትልሙን ያጣምማል።
ገባኝ አልኋት።
አልገባኝም ነበር።

ሐምሌ ላይ፣ አንድ አመሻሽ፣ ጎርፍ ድልድዩን ቆረጠ፤
የቻግኒ አውቶቡስ ደጃችን ተቀመጠ፤
ሃያ ሰባት መንገደኛ፣ አንድ ሙሽራ፣ አንድ በግ፤
እትዬ ጥሩዓለም፣ ከፓዌ ያመጣችው ወባ ጥሏት፣ ከጓዳው ጥግ፣
ጥርሷ እየተንገጫገጨ፣ «በል፣ እጅህን አስገባ» ተናገረች፤
ጋቢዋን ተከናንባ ወደ ግድግዳው ዞረች።

የደበቅነውን ወይራ አወጣሁ፤ ለኮስሁ፤ ጠበቅሁ።
የቄስ ልጅ አይደለሁም፤ ቃሉ ጠፋኝ፤ ከመጀመሪያው ደገምሁ።
አንዴ «ትምጻእ መንግሥትከ» ላይ ለበለበኝ፤ ከፍቼ አበረድሁ፤
አንዴ «ኅድግ ለነ» ድረስ ዘለቅሁ፤ እንጨት ጨመርሁ፤
በሦስተኛው፣ «ሲሳየነ» ስል፣ እጄ ራሱ ሸሸ።
ትሪውን አስገባሁ። ውጭ በጉ ጮኸ፤ ሙሽራዋ ሳቀች፤ መሸ።

ዳቦው ሲወጣ፣ ግማሹ የኅዳር ማሳ፣ ግማሹ የሐምሌ ሌሊት።
ሾፌሩ ከሰሉን ፋቀ፤ ባለ በጉ በላው እንዳለ፣ ከነጥቁረት፤
ሙሽራዋ ብቻዋን ሦስት ቁራሽ። ማንም አመሰገነኝ አልልም፤
ሰሃን ሳጥብ ግን ፍርፋሪ አላገኘሁም።

ለታማሚዋ ይዤ ገባሁ፣ ከወርቁ በኩል ቆርሼ፣
ጥቁሩን ከኋላዬ፣ ከጓዳው በር ጥዬ፣ ጨርሼ።
ሽታው ቀድሞኝ ኖሯል።
ጋቢዋን ሳትገልጥ፣ «ግራውን አላዞርኸውም» አለች፤
እስከ ክርኗ ጠባሳ የሆነ ክንዷን
ወደ ዳቦው ዘረጋች።