ርክክብ

ንጋት አሥራ ሁለት፤ ጦሳ ጉም ደርቧል፣
የአዳሬ ፈረቃ ማለቂያው ቀርቧል፤
መዝገቡን ዘርግቼ ሌሊቱን ላስረክብ
ጀመርኩኝ ከአንድ፣ አልጋ በአልጋ ሳነብ፦

«አልጋ ሦስት፦ ትኩሳት፣ ወርዷል በመጠኑ፤
አልጋ አምስት፦ ቁስሉ ይታጠብ በቀኑ፤
አልጋ ሰባት፦…»
ቃሉ ቆመ ከምላሴ ጫፉ፤
አንሶላው ተቀይሯል፣ ነጭ ነው እስከ እጥፉ።

ሞቶ እንዳይመስላችሁ። ድኖ ነው የሄደው፣
በክራንች ተደግፎ፣ አያቱ ወስደው።
የጭነት መኪና ረዳት፣ እንድሪስ ይባላል፤
ስድስት አዳር ሙሉ፣ መርፌ ስወጋው ይናገራል፦
«ሐረጎ ቁልቁለት፣ ሦስተኛው መታጠፊያ፣
ፍሬኑ እምቢ ብሎ፣ ሳይኖር መሸሸጊያ፣
ወንድሜ ስሜን ጠራ፤ ግማሹን ጠራና…»
እዚያ ላይ ያቆማል።
ነገ ማታ እንደገና።

እኔ በዚያ መኪና አልነበርኩም።
ደም አልፈሰሰኝም፤ ጣቴን እንኳ አልተሰበርኩም።
ግን ቤቴ ኮምቦልቻ ነው፤ በየቀኑ አልፋለሁ፣
ከደሴ ቁልቁል ስንወርድ፣ ሚኒባስ ወለል ላይ
የሌለ ፍሬን እረግጣለሁ።
ጎኔ የተቀመጡት የሰኞ ገበያ ነጋዴ
ጫማዬን አይተው፣ «ልጄ፣ አመመሽ እንዴ?»

ልጄ መጫወቻ መኪናውን ደረጃ ላይ ቢለቀው
ጮኬ ተነሳሁ፤ ደነገጠ፣
ምን እንዳጠፋ ሳያውቀው።
«ድካም ነው» አለ ባሌ፤ ጋቢ ደረበልኝ፣ ሲያባብለኝ አደረ።
ድካም ቢሆንማ፣ ይተኛ ነበረ።

ስንቱን «አብሽር» ብዬ፣ ስንቷን «አይዞሽ» ብዬ፣
ለራሴ አንዲት ሳላስቀር
እወጣለሁ ባዶ ቦርሳ አዝዬ።

ያን ጠዋት ግን ሲስተር መሬም፣ የዋርዱ ኃላፊ፣
(ቁጡ ናት፣ ስለ ጓንት ብክነት ለፍላፊ)
ቃሌ ሲቆም አይታ ማስመሪያ አነሳች፣
ከ«መድኃኒት» ቀጥሎ አንድ ዓምድ ጨመረች፣
በላዩ ጻፈች፦ «አንቺስ?»
ብዕሩን ሰጠችኝ።
እምቢ ብላት፣ ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ
አግዳሚ ላይ አስቀመጠችኝ።

አልመከረችኝም። «በርቺ» አላለችኝም።
የታጠቡት አንሶላዎች ይንጠባጠባሉ።
ሦስተኛውን መታጠፊያ፣ የስሙን ግማሽ፣ ነገርኳት፤
ሳትቸኩል ሰማች፤
እኔ ነኝ ሰዓቷን ያየሁላት።
ተመልሳ፣ ከዓምዱ ግርጌ ፈረመች፦
«ተረካቢ፦ መሬም።»
እናም ጓንት ልትቆጥር ሄደች።

መታጠፊያው ዛሬም አለ። እግሬም ይረግጣል፤
አንዳንዴ ይዘገያል እንጂ፣
አንዳንዴ ረስቶት ያልፋል።

ትናንት አዲሱ ልጅ፣ ከድር፣ ሕፃናት ክፍል አድሮ፣
እዚያ ዓምድ ላይ አንዲት ነጥብ ብቻ አኑሮ
ቆመ። ብዕሩ እጁ ላይ ተንጠለጠለ።
አልጠየቅኩትም፣ ምን አየህ፣ ማን ምን አለ።
ወደ አግዳሚው እያየሁ፣
ከነጥቧ ሥር፣ «ተረካቢ» ብዬ፣
ስሜን ጻፍኩ።

ሙሉውን።