ሸራ

ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት፣ ከሻርጃ ወዲያ፣ ከአውራ ጎዳናው ዳር፣
መኪናው ሳስቶ፣ ሙቀቱ ግን እንደ ቀኑ ሲያድር፣
እኔና ቢጁ የብረቱ ማማ ላይ
በወገብ ቀበቶ ተንጠልጥለን፣
የድሮውን ደስታ እንፈታለን፣
አዲሱን ደስታ እንወጥራለን።

አሮጌው የሽቶ ነበር፤ የሴትዮዋ አንገት ብቻ ስምንት ክንድ፣
ዓይኗን ጨፍና ስታሸት፣ እኛ ጭስ ስንምግ ከመንገድ።
አዲሱ የቪላ ነው፦ ሣር፣ መዋኛ ገንዳ፣ የብርቱካን ጭማቂ፣
አባት፣ እናት፣ ሁለት ልጆች፣ ውሻቸው ሳይቀር ሳቂ።
በትልቁ የተጻፈውን ቢጁ አነበበልኝ፤
«የሚገባህን ኑር» ይላል፤
ለማን እንደሆነ ግን አልነገረኝ።

ቤተሰቡ የሚመጣው በጥቅል ነው፤ ጀርባው ላይ ቁጥር ተጽፎበት፣
አንደኛው ሰማይና የእናት ጸጉር፣ ሁለተኛው የአባት ጥርስ ያለበት።
አንዴ ሦስትና አራትን አዛንፈን ሰቅለን፣ ፎርማኑ መጥቶ እስኪጮህ ድረስ፣
የልጅቷ ሳቅ ከአፏ አፈንግጦ በጆሮዋ በኩል ሲፈስ
ሦስት ቀን ቆየ።
ማንም አላስተዋለም።
በመቶ ሃያ ለሚበር ሰው
ሳቅ የትም ቢሆን ሳቅ ነው።

የወረደው ሸራ አይጣልም። ሳጃ፣ ካምፓችን እንወስደዋለን፤
ለመታጠቢያው መጋረጃ፣ ለጣሪያው ልባስ እናደርገዋለን።
በር ላይ ያነጠፍነው የባንክ ነው፤ ሽማግሌው ዛሬም ይስቃል፣
ሠላሳ ጥንድ የሥራ ጫማ ማታ ማታ ጥርሱን ይረግጣል።
የሽቶዋ ሴት ከአልጋዬ በላይ የኤሲውን ጠብታ ትመክታለች፤
ዓይኗን እንደጨፈነች ናት፤
የስምንት ሰው ካልሲ ታሸታለች።

ወደ ነገሬ ልመለስ።
ቪላውን ሰቅለን የጨረስን ለት፣ ጎህ ሲቀድ፣
«አንሣኝ» አልኩት ቢጁን። ሄልሜቴን አወለቅኩ፤ ላቤን ጠረግኩ፤
ምሰሶው እንዳይታይ ተጠጋሁ፤
ከሣሩ ጫፍ፣ ከገንዳው አፍ ላይ ቆምኩ፤
እንደ ሰውየው ሳቅኩ።
ከቅርብ ሲያዩት ሰማያዊ ነጠብጣብ ነው፤ ውኃ እንኳ አይመስልም፤
በስልክ፣ ከሐርቡ ለሚያየው ግን ነጠብጣቡ አይታይም።
አንድ ቃል አልጻፍኩም። «ቤቴ ነው» አላልኩም። ውሸት ከአፌ አልወጣም።
ይህን ከሸራው ተማርኩ፤ እሱም ዝም ብሎ ይስቃል እንጂ «ና» አይልም።

እናቴ ለመዲና አሳየች፣ መዲና ለእህቷ ልጅ፣
ኋላ ደላላው ራሱ ይዞት ይዞር ጀመር በየደጅ፤
«የይመር ልጅ ከድር ነው፤ ገና በሦስት ዓመቱ፣ እዩት ቤቱን» እያለ።
ደሞዜ ሁለት ወር ሲዘገይ፣ ፎቶዬ እዚያ ስንቱን አማለለ።

ትናንት ወንድሜ እንድሪስ ደወለ። ድምፁ እንደ ሙሽራ ቸኩሏል።
«በሬዎቹን ሸጥን፤ ለደላላው ይበቃል» ብሏል።
በኦቦክ ነው አሉ፣ በጀልባ፤ ከዚያ በየመን፣ በእግር።
«ገንዳው ግን ጥልቅ ነው እንዴ?» አለኝ፣
«እኔ እንደሁ ዋና አልችል።»
ሳቀ።

ነገርኩት። የማማውን ቁመት፣ የካምፑን ትኋን፣ የብድሬን ልክ።
ዝም አለ፤ ዝምታው ግን የሚሰማ ሰው ዝምታ አይደለም፤
እህል ሊበደር ጎረቤት ሄዶ፣ ጎተራው ሙሉ እያየ፣
«የለንም» የተባለ ሰው ነው።

ስለዚህ ማታ አልጋዬን አነሣሁለት።
የዛገውን ብረት፣ ከሥሩ ያለውን ባልዲ፣
ሚስማር ላይ የተንጠለጠለ ሱሪዬን፣
አንድም ነገር አልደበቅኩም፤
እኔም አልሳቅኩም።
ላክኩለት።
ሁለት ሰማያዊ ምልክት። ጥቂት ቆየ። ከዚያ፣
«ወይ ከድር!» ብሎ ጻፈ፤
«ከአልጋህ በላይ ዓይኗን የጨፈነችው ቆንጆ
ማናት?»