ባሕርይ

ሙሐረቅ፣ ነሐሴ። ሌሊቱም አይበርድም፤
ወበቁ እንደ እርጥብ ልብስ ከገላ አይወርድም።
ሐጅ ጁምዓን አገላብጣለሁ በየሁለት ሰዓት፣
ጀርባቸው እንዳይቆስል ከመተኛት ብዛት።
ደመወዜ ለዚህ ነው። የቀረው የኔ ፈንታ
እንቅልፍ የከዳው የሽማግሌ ጨዋታ።

መምህር ነበሩ ድሮ፤ የዕድሜ ልክ ጥሪታቸው
ከአልጋው እስከ ጣሪያ መጽሐፍ ሆኖላቸው።
አንዱን ገጽ በዐረብኛ ቀስ ብለው ያነቡና
«የግሪኩ ጠቢብ» ይሉኛል ቀና አሉና፣
«አምላክን ሲያስበው ሁሉን አንቀሳቃሽ፣ ራሱ ግን የማይነቃነቅ፣
ከገዛ ሐሳቡ በቀር ሌላ የማያውቅ።
ሰማይ በናፍቆቱ ይዞራል፤ እሱ ግን አይዞርም፤
ለናፈቀው ሁሉ ቃል አይናገርም።»

እኔም ጨርቁን ጨምቄ
አንገታቸውን እያበስኩ፣ ትንሽ ስቄ፦
«ሐጂ፣ ዋሸራ ወርጄ ቅኔ ስቆጥር ከርሜ
በአንድ ቃል ላይ ቀረሁ እንደ ግንድ ቆሜ።
ባሕርይ ነው ቃሉ፤ በአንድ ሆድ ያደረ መንታ፦
አንዱ የአምላክ ምንነት፣ አንዱ ሉል፣ የባሕር ስጦታ።
ባሕር አይቶ የማያውቅ ደገኛ፣ ሰሙን
በምን ይዳስሰው? ወርቁንስ፣ ትርጉሙን?»

«ሉል?» አሉ። እጃቸው አንሶላውን ጨበጠ።
ድምፃቸው ከማቀዝቀዣው ጉርምርምታ በለጠ።
«አባቴ ገመድ ሳቢ ነበር፣ ጀልባው ላይ፤
ወንድሙ ጠላቂ፤ አፍንጫው በቀንድ ተቆልፎ፣ እግሩ ላይ ድንጋይ።
ገመድ ሳቢ አይጠልቅም። ሥራው መቆም ነው፤
ታች ያለው ሲነቀንቅ ላይ ያለው ሊስበው።

አንድ ቀን ገመዱ ዝም አለ።
አባቴ ቆጠረ። መቶ ሞላ። ደግሞ ጀመረ። አላስቻለውም፤ ዘለለ።

ዋና አያውቅም ነበር።»

ከዚያ ወዲያ ያለውን አልነገሩኝም።
ውኃ አሉ። ሰጠኋቸው። እኔም አልጠየቅሁም።

ቆይተው፣ «የናንተን አልቀበልም» አሉ ዓይናቸውን ጨፍነው፤
«ፈጣሪ አይወልድም፣ አይወለድም። አንድ ነው።
ግን ይህን ግሪክ ባነበብሁ ቁጥር
ደረቅ ሰው ነው የማየው፣ ጀልባ ላይ ተቀምጦ የሌላውን ትንፋሽ ሲቆጥር።»

የኔታ ቢሰሙን ይቆጡ ነበር፦
«ምሳሌው ያነክሳል! መለኮት በባሕርዩ አይሰጥም፣ አይሰበር።
ሳይለወጥ ነው የወረደ፣ ከላይም ሳይጎድል፤
የሞተው በሥጋ ነው፤ አንዱን ሁለት አትበል!»
ይሉና ድንገት ዝም። በነጠላ ጫፍ ዓይናቸውን ሲያብሱ
ያልጠየቅናቸውን ያኔ ነው የሚመልሱ።

ነጋ። የመስጊዱ ጥሪ በመስኮት ዘለቀ።
የሐጂ ጣት እጄ አንጓ ላይ ጠበቀ፣
አንድ ጊዜ ነቀነቀ።

ጎንበስ አልኩ።