አጥንት ቆጠራ

ከፖርቶ ሪኮ ምሥራቅ፣ አሥር ደቂቃ በጀልባ፣
ጦጣ ብቻ ያለባት ደሴት ላይ ስንገባ፣
ዶን ኤልፒዲዮ ይወርዳል፣ ከሁላችን ቀድሞ፤
ደብተር አይዝም እሱ፣ ይቆጥራል በቃል፣ ቆሞ።

አርባ ዓመት ቆጥሯል።
“ያቺ ጆሮ ቆራጣ፣ የዚያች አንካሳ የልጅ ልጅ፣
ቅድመ አያቷ ናት የነከሰችኝ፣ ይኸው፣ ይህን እጅ”
እያለ ይወርዳል፣ በእናት በእናት ሐረግ፤
“የአባታቸውን ነገር፣ ዶክተሯ ከደም ትፈልግ!”
እንዲህ አጥንት የሚቆጥር ባላባት እንኳ አላየሁም።

ዶክተር ኢቬት ደግሞ፣ ደም በጠብታ ቀድታ፣
ቁጥር ለጥፋበት፣ በበረዶ ሣጥን ከታ፣
“ከአንድ ማኅፀን ወጥተው፣ አንድ ቅርንጫፍ ሲጋሩ፣
ምነው በእርጅናቸው ሰዓት በየቅል ሆነ ነገሩ?”
ትላለች፣ ለራሷ።

ቲ-ዘጠኝን እዩአት፤ ሃያ ስድስት ነው ዓመቷ፣
ዛሬም ለይታ ታውቃለች፣ ማን ወዳጇ፣ ማን ጠላቷ፤
ለውዝ የደበቅኩበትን ኪስ አትስትም ከሩቅ።
እኅቷ ቲ-አሥር ግን መሬት መሬት ታያለች፣
የገዛ ልጇ ስትመጣ እንደ ባዳ ትሸሻለች፣
ገንዳው አፍ ላይ ቆማ ውኃ ትፈልጋለች።

አንጎሏ ውስጥ ምናልባት ደለል ተኝቷል፤
ስትሞት እናየዋለን፣ እስከዚያ ማን ያውቃል?
በአራት ፊደል የተጻፈ፣ የእናት የአያት ኑዛዜ፣
አንዲት ፊደል ተዛውራ፣ አድፍጣ ስንት ጊዜ፣
ጥርስ ሲረግፍ ነቃች?
ወይስ ማዕበሉ ነው፣ ያ ዛፉን ሁሉ የነቀለ፣
ጥላ ነስቶ፣ በአንድ ሌሊት፣ ዕድሜ በዕድሜ ላይ የጣለ?
“ሁለቱም ይሆናል” ትላለች ኢቬት። “ሺህ ጦጣ አይበቃኝም።”

ሐሙስ ዕለት ዶን ኤልፒዲዮ ቋጥኙ ላይ ቆመ፤
ቲ-አሥርን አየና፣ በእናቷ ስም ጠራት። ደገመ።
እናቷ ከሞተች አሥራ አንድ ዓመት አልፏል፤
አጥንቷ ታጥቦ፣ ቁጥር ተጽፎበት፣ መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል።
ማንም አላረመው።

ኋላ ጀልባው ውስጥ፣ ውኃ እየነካ በእጁ፣
“እናቴ በመጨረሻ” አለ፣ “አባረረችኝ ከደጁ።”
ለኢቬት ክንዱን ዘረጋ፣ እጅጌውን ጠቅልሎ፣
“የኔንም አጥንት ቁጠሪ፤ አንድ ጠብታ ቅጂ” ብሎ።
የጦጣ መርፌ ነበር ሣጥኑ ውስጥ፤ አልተከፈተም።
ክንዱን ያዘች እንጂ ኢቬት፣ አንድ ቃል አልመለሰችም።

ዓርብ ሲቆጥር አንዲት ጎደለች።
ጦጣዋ ነች ወይስ ቆጠራው?
ዞሬ ፈለግኩ። ከገንዳው ኋላ፣
ቲ-ዘጠኝ እኅቷን ታቅፋ፣ በአንዲት ዘንባባ ጥላ፣
ቅማሏን ትለቅማለች።
ደብተሬ ላይ “ሁለት” ብዬ ጻፍኩ። ስም አልጻፍኩም።